የሂሉክስ ሞተር ሲቀየር፦ ታይሚንግ በጆሮ አይስተካከልም

22አር-ኢ በተባለው ሞተር በሚሠራ ቶዮታ ሂሉክስ ላይ የተቀየረ ሞተር አልነሳ ሲል ብዙ ሰው የነዳጅ ፓምፑን ይጠረጥራል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ታይሚንጉን፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ነው፤ ስለዚህ የቁጥር 1 ሲሊንደርን ካንዴላ እፈታለሁ። ቀዳዳውን በጣትዎ ደፍነው ክራንክ ሻፍቱን በቁልፍ ወደ ቀኝ ያዙሩ፤ አየሩ ጣትዎን ሲገፋ ፒስተኑ እየጨመቀ ነው። ያኔ የፑሊውን ጭረት ከ5 ዲግሪ ምልክት ጋር ያጋጥሙ። ግፊቱን ሳይጠብቅ ጭረቱን ብቻ ያመነ ሰው ዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን) 180 ዲግሪ አዙሮ ሊያስገባው ይችላል።

የማርሹ ጥርስ ሰያፍ ስለሆነ ዲስትሪቢዩተሩ ሲገባ ሮተሩ (በውስጡ የሚሽከረከረው ክፍል) ይዞራል። ስለዚህ ቀድመው ትንሽ ያዛንፉት፤ ሲቀመጥ ወደ ቁጥር 1 ማመልከት አለበት። ከሮተሩ ሥር ያለው ጥርስ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ካለው ሴንሰር ጫፍ ጋር ፊት ለፊት ይግጠም። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ የብረት መለኪያን የሴንሰሩ ማግኔት ስለሚስበው መለኪያዎ የነሐስ ይሁን። የካንዴላ ኬብሎቹ ተራ 1-3-4-2 ነው።

ሞተሩ ሲሞቅ በመፈተሻ ሶኬቱ ላይ «ቲ» እና «ኢ1» የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ያገናኙ፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ እሳቱን ራሱ ስለሚያስቀድመው የሚያነቡት ቁጥር ውሸት ነው። «በጆሮዬ አስተካክላለሁ» ለሚል መካኒክ መኪናዬን አልሰጥም። በታይሚንግ መብራት (ከካንዴላው እሳት ጋር ብልጭ በሚለው) የፑሊው ጭረት 5 ዲግሪ ላይ እስኪታይ ዲስትሪቢዩተሩን ያዙሩ፤ ብሎኑን ካጠበቁ በኋላ እንደገና ይዩ፣ ሲጠብቅ ይንሸራተታልና። ከዚያ ሽቦውን ይንቀሉ።