«ሽጉጡ ከሸፈብኝ» ለሚል ሠልጣኝ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በቨርጂኒያ የተኩስ መለማመጃ ሜዳዎች ላይ የአገር ልጆችን ራስን ስለመከላከል ሳሠለጥን ደጋግመው ያጋጠሙኝን እንከኖች እጽፋለሁ። መሣሪያው ባዶ መሆኑን ማረጋገጥና ጣትን ከምላጭ ማራቅ የታወቀ ስለሆነ አልመለስበትም።

ምልክት፦ ሽጉጡ ተረጋግቶ ሲሞከር ይተኩሳል፤ በፍጥነት ሲመዘዝ ግን ምላጩ ልል ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ አብልጦ የሚያጋጥመኝ ይህ ሲሆን፣ የሚገኘውም ማካሮቭ በተባለው የሶቪየት ሽጉጥ የሠለጠኑ የቀድሞ የሠራዊት አባላት ዘንድ ነው። የሶቪየት ሠራዊት በ1951 የተቀበለው ማካሮቭ መጠበቂያው (ተኩስን የሚቆልፈው ማንሻ) ወደ ላይ ሲገፋ ይቆልፋል፣ ወደ ታች ሲወርድ ለተኩስ ይከፈታል። ቤሬታ 92 ኤፍኤስ የተባለው ሽጉጥ መጠበቂያው እዚያው ቦታ ላይ ሆኖ አሠራሩ ግን የተገለበጠ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ይቆልፋል። ስለዚህ እጅ የለመደውን ሲያደርግ ክፍቱን ሽጉጥ ራሱ ይዘጋዋል።

አንድ ጡረታ የወጡ መኮንን ቤሬታቸውን ሁለት ጊዜ ለጠጋኝ ሰጥተው፣ ምንም ያልሆነውን ሞላ አስቀይረው ነበር የመጡት። በግራ በኩል ቆሜ አውራ ጣታቸውን ተመለከትሁ። ሽጉጡን በመዘዙ ቁጥር ጣቱ መጠበቂያውን ወደ ታች ይጫናል፤ ምላጩ እምቢ ሲል የከሸፈ መስሏቸው ደጋግመው ያቀባብላሉ፣ ደህናው ጥይት መሬት ላይ ይረግፋል። «ጋሼ፣ የሚቆልፈው ጣትዎ ነው» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ይህ ጣት እኮ ሃያ ዓመት ያገለገለ ነው» አሉኝ። ጣቱስ ምን አጠፋ?

ለመለየት ቀላል ነው። ጥይት ሲከሽፍ መዶሻው ወድቆ «ቀጭ» ይላል፤ መጠበቂያ ሲዘጋ ግን ምላጩ ያለ ተቃውሞ ይሳባል፣ መዶሻውም አይንቀሳቀስም። መፍትሄው ማቀባበል ሳይሆን አውራ ጣትን ወደ ላይ መግፋት ነው። ይህንንም ጥይቱን ሌላ ክፍል ትቶ፣ በባዶ ሽጉጥ፣ በዝግታ፣ ለሳምንታት መደጋገም ያስፈልጋል። ማንሻው ከተጫኑት በኋላ በራሱ ወደ ላይ የሚመለስበትን 92 ጂ የተባለውን ዓይነት መያዝም ችግሩን ከሥሩ ያስወግዳል። ሁለቱን ሽጉጦች በየተራ የሚታጠቅ ሰው ግን ምንም ቢለማመድ አይረዳውም፤ አንዱን ይምረጥ።

ምልክት፦ የመጀመሪያው ጥይት ዝቅ ይላል፣ ቀጣዮቹ ይስተካከላሉ።

በቤሬታም ሆነ በማካሮቭ መዶሻው ወርዶ ሳለ የመጀመሪያው የምላጭ ስበት ረጅምና ከባድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስላይዱ (ተንሸራታቹ የላይኛው የሽጉጥ ክፍል) መዶሻውን ወደ ኋላ እየገፋ ምላጩን ያቀልለዋል። ሠልጣኞች መዶሻውን በጣታቸው እያነሡ ቀላሉን ስበት ብቻ ስለሚለማመዱ፣ ከባዱ ስበት የሚገጥማቸው በጭንቅ ሰዓት ይሆናል። እያንዳንዱ ልምምድ መዶሻው ወርዶ ይጀመር፤ ከሁለት ጥይት በኋላም መዶሻው እንደገና ይውረድ፣ በመጠበቂያው ማንሻ እንጂ በጣት አይሁን።

ምልክት፦ ግሎክ የተባለውን ሽጉጥ የያዘ ሠልጣኝ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ እጁ ወደ ስላይዱ ይሄዳል።

ግሎክ በባዶ ሲሳብ ምላጩ ተመልሶ የሚዘጋጀው ስላይዱ ሲሳብ ብቻ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ የሚለማመድ ሰው ሳያውቀው «ሳብ፣ አቀባብል» የሚል ልማድ ይይዛል። አንድ ጊዜ ስቦ ሽጉጡን ወደ ቦታው መልሶ፣ ከዚያ በኋላ ያቀባብል። ግሎክን ለጽዳት ለመፍታት ምላጩን መሳብ ግድ መሆኑንም አትርሱ፤ ካዝናው (የጥይት መያዣው) ወጣ ማለት በበርሜሉ ሥር ያለው ጥይት ቤት ባዶ ነው ማለት አይደለም። ይህን በዓይንም በጣትም ያላረጋገጠ ሰው ከእኔ ጋር አይሠለጥንም።

ቀለህ ሳይወጣ የሚጣበቀው ብዙ ጊዜ ቀላል ሽጉጥ በላላ እጅ ሲያዝ ነው። የማካሮቭ ካዝና መልቀቂያ እጀታው ግርጌ ስለሆነ፣ ካዝና መቀየርን በሁለት እጅ ተለማመዱት። በርካሽ የተገዛ ካዝና ግን አያስተማምንም፤ ከንፈሩ የተጣመመውን ለልምምድ ብላችሁ አታስቀምጡ፣ ጨፍልቃችሁ ጣሉት።