ጦርነትን ስታስተምሩ ከካርታው ጀምሩ

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል መምህራን፣ አንደኛውን የዓለም ጦርነት ከሳራዬቮው ጥይት፣ ማለትም የኦስትሮ-ሀንጋሪው አልጋ ወራሽ ከተገደለበት፣ አትጀምሩ። ልጆቹ ጥይቷን ይይዛሉ፣ መዘዙ ግን ይጠፋባቸዋል።

መጀመሪያ ሁለት የአውሮፓ ካርታዎች ጎን ለጎን ስጧቸው፤ አንዱ የ1914፣ ሌላው የ1923 (እ.ኤ.አ.)። ከዚያ ትንሽ ዝም በሉ። «ይሄ አገር የት ገባ?» ማለታቸው አይቀርም። ኦስትሮ-ሀንጋሪ የለም፣ የኦቶማን ግዛትም የለም። ፖላንድና ቼኮዝሎቫኪያ ደግሞ ብቅ ብለዋል።

ቀጥሎ አንድ ከተማ ምረጡ። እኔ ልቪቭን እመርጣለሁ። በ1910 እዚያ የተወለደ ልጅ ከሰፈሩ ንቅንቅ ሳይል መጀመሪያ የኦስትሮ-ሀንጋሪ፣ ቀጥሎ የፖላንድ ነዋሪ ሆነ። በ1939 ሶቪየቶች መጡ፣ በ1941 ናዚዎች፣ በ1944 እንደገና ሶቪየቶች። ዛሬ ከተማዋ የዩክሬን ናት። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ይወያዩ፦ ይህ ሰው በምን ቋንቋ ይማራል? ኪሱ ውስጥ የማን ገንዘብ አለ? ለየትኛው ጦር ይመለመላል? ክፍሉ ሞቅ የሚለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር አደራ፣ ሰውየው አይሁዳዊ ቢሆንስ ብላችሁም ጠይቁ። አብዛኞቹ የከተማዋ አይሁዶች በናዚ ዘመን ተገድለዋል። ይህን አትዝለሉት፤ በዚህ ዕድሜ ግን የሬሳ ፎቶ ማሳየት አያስፈልግም።

የቬርሳይ ውል፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጀርመን ጋር የተፈረመው የሰላም ስምምነት፣ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ፈተና ላይም ቀን ከማስሸምደድ «ለዚህ ሰው ምን ተቀየረበት? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ።