ለኮንሰርት ቱር የመድረክ መብራት እንዴት ይዘጋጃል፦ ከመጋዘን እስከ ቀጣዩ ከተማ

በክልል ከተማ ኮንሰርት ላይ ማታ 3 ሰዓት መድረኩን የሚያጨልም ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ጠዋት ነው። አንዳንዴም ዕቃው ገና መጋዘን ሳለ። ስለዚህ የላይት ማን ሥራ ከኮንሶሉ (መብራቶቹ ከሚታዘዙበት ጠረጴዛ) ጀርባ ከመቆም በፊት ብዙ የሚለካ፣ የሚጻፍና የሚታሰር ነገር አለው። እዚህ የምናሳየው ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ስታዲየም ለሚተከል መካከለኛ ዝግጅት ነው። ዕቃው 18 ባለ 230 ዋት ቢም ሞቪንግ ሄድ (ቀጭን ጨረር የሚለቅ፣ በሞተር የሚዞር መብራት)፣ 24 ኤልኢዲ ፓር (ባለ ቀለም ቋሚ መብራት)፣ 6 ባለ ሁለት አምፖል ብላይንደር (ወደ ሕዝቡ የሚያበራ ኃይለኛ መብራት)፣ አንድ ባለ 12 ቻናል ዲመር (የአምፖልን ብርሃን የሚጨምርና የሚቀንስ)፣ 2 ሄዘር (ጨረሩ እንዲታይ ስስ ጭጋግ የሚረጭ) እና አንድ ኮንሶል ነው እንበል።

1. መጋዘን ውስጥ ሁሉንም አብሩ

ከጉዞው ሁለት ቀን አስቀድሞ 18ቱንም ቢሞች ወለል ላይ ደርድራችሁ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት አብሯቸው። አምስት ደቂቃ ብቻ ከሞከራችሁ ፋኑ የደከመ ቢም ደህና ይመስላል፤ ሲሞቅ ግን መከላከያው አምፖሉን ያጠፋዋል። ያ ደግሞ የሚሆነው ሦስተኛው ዘፈን ላይ ነው።

ዲኤምኤክስ በሚባለው የመቆጣጠሪያ ሲግናል ላይ እያንዳንዱ ዕቃ ትእዛዝ መቀበል የሚጀምርበት የቻናል ቁጥር፣ ማለትም አድራሻ፣ የሚሰጠውም እዚሁ ነው። ቢሞቹ በ16 ቻናል ሞድ ከሆኑ (እያንዳንዱ 16 ቻናል ከወሰደ) የመጀመሪያው 1፣ ሁለተኛው 17፣ ሦስተኛው 33 እያለ አስራ ስምንተኛው 273 ላይ ይገባና 288 ላይ ያልቃል። ባለ 8 ቻናል ፓሮቹ ከ289 ጀምረው 480 ላይ ያበቃሉ። ዲመሩ ከ481 እስከ 492፣ ሁለት ሁለት ቻናል የሚወስዱት ሄዘሮች ደግሞ 493 እና 495 ላይ ይቀመጣሉ። ቁጥሩን በነጭ ናስትሮ ላይ ጽፋችሁ ዕቃው ላይ ለጥፉ። ብዙ ቢሞች የ16 እና የ20 ቻናል ሞድ ስላላቸው የሁሉም ሞድ አንድ መሆኑን በስክሪኑ አረጋግጡ። አንዱ ብቻ በ20 ከቀረ ቀለም ስታዙት ይዞራል፤ ሰውም ዕቃው ተበላሸ ብሎ ይፈታዋል።

ትርፍ ዕቃ ላይ አትሳሱ። ሁለት ሙሉ ቢም፣ ለእያንዳንዱ አምስት ኬብል አንድ ተጨማሪ፣ የብላይንደር አምፖልና ፊውዝ ያዙ። የብላይንደሩ ሁለት አምፖሎች ባለ 120 ቮልት ሆነው በተከታታይ የታሰሩ ከሆነ አንዱ ሲቃጠል ሁለቱም ይጠፋሉ፤ ስለዚህ የጨለመ ብላይንደር ስታዩ ዲመሩን ከመጠርጠራችሁ በፊት አምፖሎቹን ፈትሹ። በግል ቦርሳችሁ ውስጥ መልቲሜትር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ 17 እና 19 ቁጥር ቁልፍ፣ ናስትሮ፣ የግንባር ባትሪና የዝግጅቱ ፋይል የተቀዳበት ሁለት ፍላሽ ይኑር። ሁለቱን ፍላሾች አንድ ኪስ ውስጥ አትክተቱ።

2. መኪና ላይ ስትጭኑ

መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል። ኤፍኤስአሩ ላይ ኮንሶሉና ቢሞቹ ወደ ውስጥ፣ ትረሱ (መብራቶቹ የሚሰቀሉበት መዋቅር) ከእነሱ ቀጥሎ፣ ዋናው የኃይል ኬብልና ፓኔሉ በሩ ጋ ይሁኑ። ጎማ ያላቸውን ኬዞች በቀበቶ ጥፈሩ፤ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ ሲወርድና ሲወጣ ያልታሰረ ኬዝ ሌላውን ይደፈጥጣል። ከእንዲህ ያለ መንገድ በኋላ የላሉ ብሎኖችንና የወለቁ ስፒናዎችን ሳታዩ ምንም ዕቃ ወደ ላይ አትስቀሉ።

3. ኃይል፦ ሌላው ሁሉ ይጠብቅ

መጀመሪያ ሒሳቡ። ባለ 230 ዋት ቢም ከነሞተሩና ፋኑ 380 ዋት ገደማ ይስባል። ፓሩን 150፣ ብላይንደሩን 1,300፣ ሄዘሩን 1,500 ዋት ብላችሁ ያዙ። ሁሉን በሦስቱ ፌዞች (ኃይል በሚመጣባቸው መስመሮች) እኩል አከፋፍሉ፤ በእያንዳንዱ ፌዝ 6 ቢም፣ 8 ፓርና 2 ብላይንደር ይሁን። ይህ 6,080 ዋት ነው። ሁለቱ ሄዘሮች በሁለት ፌዞች ሲጨመሩ በእነዚያ ላይ ያለው 7,580 ዋት፣ በ220 ቮልት ሲካፈል 34.5 አምፔር ይሆናል። ኮንሶሉን በሦስተኛው ፌዝ ላይ ከዩፒኤስ (ኃይል ሲቋረጥ ከሚያቆይ ባትሪ) ጋር አድርጉት። ብላይንደሮቹን በአንድ ፌዝ ላይ መሰብሰብ የተለመደ ስንፍና ነው፤ በአንድ ጊዜ ሲበሩ ጀነሬተሩ ይንገዳገዳል፣ ቮልቱ ወርዶ ቢሞቹ ሊጠፉ ይችላሉ።

ድምሩ ወደ 22 ኪሎዋት ይጠጋል። በ0.8፣ ማለትም በፓወር ፋክተሩ፣ ስናካፍለው 27 ኬቪኤ (የጀነሬተር አቅም መለኪያ) ተኩል ነው። ጀነሬተር አከራዩ 30 ኬቪኤ ይበቃል ቢላችሁ አትስማሙ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ታርጋው ላይ የተጻፈውን ጉልበት ላይሰጥ ይችላል። ቢያንስ 40 ኬቪኤ ጠይቁ፤ የድምፁ ክፍል ደግሞ የራሱ ይኑረው።

ዋናው ኬብል አምስት ክር ያለው፣ ከ16 ካሬ ሚሊሜትር ያላነሰ መዳብ ይሁን። የኒውትራሉ (የመመለሻው) ክር ከፌዞቹ ሊቀጥን አይገባም። ኤልኢዲና ቢም ላይ ያሉት ፓወር ሰፕላዮች የሚፈጥሩት የተዛባ ከረንት ኒውትራሉ ላይ ይደመራል እንጂ አይጣፋም፤ ፌዞቹ እኩል ተጭነውም ኒውትራሉ ሊግል የሚችለው ለዚህ ነው። ኬብሉን ከጥቅሉ ሙሉ በሙሉ ፍቱት፤ ተጠቅልሎ ከባድ ጭነት የተሸከመ ኬብል ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ልባሱ ይቀልጣል።

እሰራው ጀነሬተሩ ጠፍቶ፣ ፈቃድ ባለው ኤሌክትሪሺያን ይሠራ። ቅደም ተከተሉ ኧርዝ፣ ኒውትራል፣ ከዚያ ሦስቱ ፌዞች ነው፤ ሲፈታ ተገላቢጦሹ። ጀነሬተሩ ከተነሳ በኋላ የዕቃዎቹ ብሬከሮች ሁሉ ወርደው ሳሉ በመልቲሜትር ሰባት ልኬት ውሰዱ፦ ከእያንዳንዱ ፌዝ ወደ ኒውትራል 220 ገደማ፣ ከፌዝ ወደ ፌዝ 380 ገደማ፣ ከኒውትራል ወደ ኧርዝ ከጥቂት ቮልት ያልበለጠ። ከዚያ ጥቂት ፓሮችን ብቻ አብርታችሁ ድገሙት፤ ጭነት ሳይኖር ደህና የሚመስል ላላ ያለ ኒውትራል ጭነት ሲመጣ ነው የሚጋለጠው። አንዱ ፌዝ 290፣ ሌላው 140 ካሳያችሁ ኒውትራሉ ላልቷል ወይም ተቆርጧል። ወዲያው አጥፉ። በዚያ ሁኔታ ሁሉንም ማብራት ማለት ከፊሉ ዕቃ ላይ ወደ 380 የሚጠጋ ቮልት መልቀቅ ነው፤ በሴኮንዶች ውስጥ የቱሩ ትርፍ ሁሉ ይቃጠላል።

4. ትረሱን ማቆም

ባለ 12 ሜትር ትረስ ለማግኘት አራት ባለ 3 ሜትር ቁራጭ ይገጠማል። ፒኖቹን በፕላስቲክ ወይም በመዳብ መዶሻ ምቱ፤ የብረት መዶሻ ጫፋቸውን ያፈጅጋቸዋል። እያንዳንዱ ፒን መቆለፊያ ክሊፑን ካልያዘ ትረሱ አይነሳም። ዘጠኝ ቢም እያንዳንዱ 19 ኪሎ ቢመዝን 171 ኪሎ ነው፣ ኬብሉ ሳይቆጠር። ይህን ከአምራቹ የጭነት ሠንጠረዥ ጋር አስተያዩ፤ በርዝመቱ የተከፋፈለ ጭነትና መሐል ላይ የተሰበሰበ ጭነት ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። በስታዲየም ሣር ላይ ከእግሮቹ ሥር ወፍራም ጣውላ አንጥፉ፤ ከዝናብ በኋላ አንዱ እግር ከሰመጠ ትረሱ ይዘምማል። እያንዳንዱ መብራት ከክላምፑ (ትረሱ ላይ ከሚይዘው መያዣ) ሌላ የደኅንነት ሽቦ ይታሰርለት። ነፋሱ አምራቹ ከፈቀደው ፍጥነት ካለፈ ትረሱ ይወርዳል፤ በዚህ ላይ ከአዘጋጁ ጋር ድርድር የለም።

ቢሞቹ ከተሰቀሉ በኋላ ሌንሳቸው ወደ ፀሐይ እንዳያይ ጠብቁ። የቀትር ፀሐይ በሌንሱ ውስጥ ተሰብስቦ የቀለም መስታወቱንና ጎቦውን (ብርሃኑን ቅርጽ የሚያሲዘውን ሳህን) ያቃጥላል፤ መብራቱ መጥፋቱ አያድነውም። ፊታቸውን ወደ መሬት አዙራችሁ ቆልፉ፣ ኃይል ከመስጠታችሁ በፊት ግን ቁልፉን ፍቱ፤ ተቆልፎ የበራ ቢም ሞተሩንና ቀበቶውን ይታገላል። የመስከረም ኮንሰርት ከሆነ ዝናብ አይታመንም። ዕቃውን በፌስታል ጠቅልሎ ፋኑን ማፈን የተለመደ ጥፋት ነው፤ ከላይ ሸፍኑት፣ ከሥርና ከጎን ይተንፍስ።

5. ዲኤምኤክስ

512 ቻናል በአንድ መስመር ይሄዳል፤ የእኛ ዕቃ ደግሞ 496 ብቻ ነው የወሰደው። ታዲያ በአንድ ሰንሰለት ይታሰር? አይታሰርም። አንድ መስመር የሚሸከመው 32 ዕቃ ነው፣ እኛ ግን 18 ቢምና 24 ፓር ብቻ ቆጥረን 42 ደርሰናል። ስፕሊተር (ሲግናሉን ወደ ብዙ መስመር የሚያከፋፍል ዕቃ) ተጠቀሙ፦ አንድ መውጫ ለፊት ትረስ ቢሞች፣ አንድ ለኋላው፣ አንድ ለፓሮች፣ አንድ ለዲመርና ለሄዘር። እንዲህ ሲሆን አንዱ መስመር ቢሞት ሌሎቹ ይቀጥላሉ።

የማይክ ኬብል ስፒናው ስለሚገጥም ብቻ አትጠቀሙበት። ዲኤምኤክስ 120 ኦም ኬብል ይፈልጋል፤ የማይኩ ሲግናሉን ስለሚያዛባው የመጨረሻዎቹ ዕቃዎች ያለ ትእዛዝ ይርገበገባሉ። በየመስመሩ ጫፍ ተርሚኔተር (ሲግናሉ ተመልሶ እንዳይረብሽ የሚያደርግ መዝጊያ) ሰኩ። ከሌላችሁ በአንድ ወንዴ ስፒና ውስጥ በ2 ቁጥርና በ3 ቁጥር ፒን መካከል 120 ኦም ሬዚስተር በይዳችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ችግር ሲመጣ እንዲህ አንብቡት። ከአንድ ዕቃ በኋላ ያሉት ሁሉ ካልታዘዙ ወደ መጀመሪያው ያልታዘዘ ዕቃ የሚገባውን ኬብል ቀይሩ። አንዱ ብቻ ያልሆነ ነገር ከሠራ አድራሻውንና ሞዱን እዩ። ሁሉም ከተርገበገቡ መስመሩን መሐል ላይ ቆርጣችሁ ተርሚኔተር ሰኩበት፤ የመጀመሪያው ግማሽ ከተረጋጋ ጥፋቱ በሁለተኛው ግማሽ ነው። ከዚያ እሱን ደግሞ ለሁለት ክፈሉት።

6. ፎከስ በጥቂት ደቂቃ

በአገራችን ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት ገደማ እስከ 1 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ቢሙ ሜዳው ላይ አይታይም፣ ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ገብቷል። ጊዜውን አትበትኑት። ዘፈኖቹን መጋዘን ሳላችሁ በፖዚሽን ፕሪሴት (ኮንሶሉ ላይ በተቀመጠ የመብራት አቅጣጫ) ከሠራችኋቸው በየከተማው የምታስተካክሉት ፕሪሴቶቹን ብቻ ነው፤ አንዱን ስታርሙ እሱን የሚጠቀሙ ዘፈኖች ሁሉ አብረው ይታረማሉ። መጀመሪያ የድምፃዊው ቦታ፣ ቀጥሎ ባንዱ፣ ከዚያ ሕዝቡ፣ በመጨረሻ ሰማይ ላይ የሚዘረጋው። ፊት ላይ የሚወድቀው ነጭ ብርሃን በቂ ካልሆነ የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው፤ ስልክ ይዞ የሚቀርጸው ሰው ጥቁር ጥላ ነው ይዞ የሚሄደው።

7. ዝግጅቱ ሲሄድ

ኮንሶሉ ላይ በአንድ ቁልፍ የሚጠራ፣ በኤልኢዲ ፓሮች ብቻ የተሠራ ትዕይንት አዘጋጁ። ጀነሬተሩ ለአንድ ሰኮንድ ቢቆም ፓሮቹ ወዲያው ይመለሳሉ፤ የቢሞቹ አምፖል ግን ትኩስ ሆኖ እንደገና አይነሳም፣ ለመቀዝቀዝ ደቂቃዎች ይፈልጋል። በዚያ መሐል ደጋግሞ አምፖል እንዲነሳ ማዘዝ ፓወር ሰፕላዩን ይጎዳል፤ ታገሱት። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ሰው ወደ ፓኔሉ ሄዶ አምፔሩን በክላምፕ ሜትር ይለካ።

8. ማውረድ

የመጨረሻው ዘፈን እንዳለቀ ዋናውን ብሬከር አታውርዱ። አምፖሎቹን ከኮንሶሉ አጥፉና ፋኖቹ ለ15 ደቂቃ ይዙሩ። ትኩስ አምፖል ይዞ ኬዝ ውስጥ የገባ ቢም በማግስቱ ሲከፈት ፕላስቲኩ ተጣሟል። በዚያ 15 ደቂቃ የመድረኩን ወለል ኬብል ሰብስቡ። ኬብል ክርን ላይ አይጠመጠምም፤ አንዴ ወደ ውጪ አንዴ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ይጠቅለል፤ አለዚያ ውስጡ ያሉት ክሮች ተጠማዝዘው ይበጠሳሉ። ዝናብ የነካውን ለብቻው አድርጉ። ያልሠራ ዕቃ ላይ ቀይ ናስትሮ ለጥፋችሁ ጥፋቱን በአጭሩ ጻፉበት፣ «ፓን አይዞርም»፣ «ሰማያዊ አያበራም» እያላችሁ። ዕቃውን በር አጠገብ ጫኑት፤ ቀጣዩ ከተማ ላይ ትረሱ እየተገጠመ ሳለ ይጠገናል።