የማደንዘዣን መጠን ለመለካት ደም ከየት ይቀዳል?

በቆጋ መስኖ ማሳውን ያጠጣ ሰው ይህን ጉዳይ ለመረዳት አይቸገርም። መራዊ አካባቢ ቦዩ ወደ ደረቅ ማሳ ሲለቀቅ ራስጌው ወዲያው ይርሳል፤ አፈሩ እየጠጣው ስለሆነ ግርጌው ገና ደረቅ ነው። ቦዩ ሲዘጋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ራስጌው ላይ ውኃው ሲቋረጥ ግርጌው ከአፈሩ የወጣውን እያንጠባጠበ ይቆያል።

በደም ሥር የሚሰጡት ማደንዘዣዎች፣ ፕሮፖፎልም ታዮፔንታልም ኬታሚንም፣ በሰውነት ውስጥ የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። ከልብ የሚወጣው ደም ቅዳ ራስጌው ነው፤ ከክንድ የሚመለሰው ደም መልስ ግርጌው። በመሃል ያሉት ጡንቻ፣ ቆዳና ስብ መድኃኒቱን ይጠጣሉ። ስለዚህ ከአንድ ሰው፣ በአንድ ደቂቃ፣ ከሁለት ቦታ የተቀዳ ደም ሁለት የተለያየ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ይህ ልኬት በየቀዶ ሕክምናው የሚደረግ ሳይሆን ለምርምር የሚያስፈልግ ነው፤ የሚሠራውም የሠለጠነ ባለሙያ፣ በታካሚው ፈቃድ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄውን ለይ። ወደ አንጎል ምን ያህል መድኃኒት እየደረሰ እንደሆነ ማወቅ ከፈለግህ መልሱ ያለው ደም ቅዳ ውስጥ ነው። የክንድ ደም መልስ የሚነግርህ በዋናነት የዚያኑ ክንድ ወሬ ነው። ፕሮፖፎል በአንድ ጊዜ ሲሰጥ በደም ቅዳ ያለው መጠን በፍጥነት ያሻቅባል፤ ታካሚው የሚተኛው ግን መድኃኒቱ ከደሙ ወደ አንጎል እስኪገባ ጥቂት ቆይቶ ነው። በክንድ ደም መልስ ደግሞ ሰውየው ከተኛም በኋላ መጠኑ ገና ሊጨምር ይችላል። ያንን ብቻ የለካ ተመራማሪ «በትንሽ መጠን ተኛ» ብሎ ይጽፋል፤ እኔ ከሁሉም የምፈራው ይህን ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም መድኃኒቱን በስሌት የሚሰጡት ፓምፖች የተቀመሩት እንዲህ ካሉ ልኬቶች ነው።

ቀጥሎ ሰዓቱን አስብ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሁለቱ ልዩነት ሰፊ ነው። መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ በእኩል ፍጥነት ሲንቆረቆር ይጠብባል። ሲቋረጥ ግን ሕዋሳቱ የጠጡትን ስለሚመልሱ ደም መልሱ ደም ቅዳውን ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ቦታ ጀምረህ መሃል ላይ ወደ ሌላ አትዙር።

መድኃኒቱ በአንዱ ክንድ ከገባ ደሙን ከሌላው ቅዳ። ተማሪ ሳለሁ ጉሉኮስ ከሚንጠባጠብበት ክንድ ደም ቀድቼ የስኳሩ ቁጥር ሰማይ ነክቶ ነበር፤ ታካሚዋ ምንም አልሆነችም፣ የለካሁት ጉሉኮሱን ራሱን ነበር። በማደንዘዣም ያው ነው።

ከእጅ አንጓ ደም ቅዳ የምትቀዳ ከሆነ አስቀድመህ የአለንን ፍተሻ አድርግ፤ ይህ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ደም ቅዳ ብቻውን እጁን በደም ማዳረስ መቻሉን ማያ ነው። ታካሚው ጡጫውን ይጨብጥ፤ በአንጓው ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለቱን ደም ቅዳዎች ተጫን፤ እጁን ይክፈት፤ ከዚያ በትንሿ ጣት በኩል ያለውን ብቻ ልቀቅ። መዳፉ ቶሎ ካልቀላ ወደ ሌላ ቦታ ሂድ።

ከደም መልስ መቅዳት ግድ ከሆነ እጁን አሙቅ። ከጮቄ በሚወርደው ብርድ የደብረ ማርቆስ ጠዋት እጅን ያቆረፍዳል፤ የቀዘቀዘ እጅ ደም ሥሩ ስለሚጠብ ደሙ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ልዩነቱም ይሰፋል። በሞቀ እጅ ውስጥ ደሙ በፍጥነት ስለሚያልፍ ደም መልሱ ወደ ደም ቅዳ ይጠጋል፤ ይቀርባል እንጂ እኩል አይሆንም።

በካኑላው፣ ማለትም ደም ሥር ውስጥ በሚቀመጠው ቀጭን ቱቦ፣ ውስጥ የቆመውን ፈሳሽ መጀመሪያ ስበህ ጣል፤ አለዚያ ናሙናው ይቀጥናል። ደሙን እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ባለበት ብልቃጥ አድርገህ ቀስ እያልክ ገለባብጠው፣ አትናጠው። ፕሮፖፎል ከቀይ የደም ሕዋሳት ጋርም ስለሚጣበቅ ሙሉ ደምና ሕዋሳቱ የተለዩለት የደም ፈሳሽ (ፕላዝማ) አንድ ቁጥር አይሰጡም፤ የትኛውን እንደምትለካ ቀድመህ ወስን፣ እስከ መጨረሻው በዚያው ጽና። ካኑላውን ከደም ቅዳ ስታወጣ ቢያንስ 5 ደቂቃ አጥብቀህ ያዝ፤ ካልቆመም ጨምር።

ብልቃጡ ላይ ቦታውን፣ ግራ ወይም ቀኝ መሆኑን፣ ሰዓቱን እስከ ሰከንድ ጻፍ። እዚህ ጎጃም ውስጥ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ሰዓቱ ነው፤ ፓምፑ 9፡42 ሲል የክፍሉ መዝገብ 3፡42 ሊል ይችላል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁሉም በአንዱ አቆጣጠር ይስማሙ፤ የትኛው እንደሆነም በወረቀቱ ራስጌ ላይ ይጻፍ።