የተደፈረችን ሴት ይዛችሁ ለምትሄዱ

የጎረቤቴን የቤት ሠራተኛ ጋንዲ ሆስፒታል ይዣት የሄድኩ ቀን፣ ልብሷን አጥቤ በፌስታል አንጠልጥዬ ነበር። ደግነት መስሎኝ! ነርሷ ፌስታሉን አይታ ዝም አለች። እኔም ገባኝ።

እናም አትታጠብ፣ ልብሷንም አትቀይር። ከቀየረች ሳይታጠብ እያንዳንዱን ለየብቻ በወረቀት ከረጢት አድርጉት። ፌስታል እርጥበት ይይዛል፣ ማስረጃውን ያበላሸዋል። ልብሷ እዚያ ስለሚቀር ቅያሪ ያዙላት። ታጥባ ከሆነም «አለቀ» ብላችሁ እንዳትቀሩ።

ሰዓቱን ቁጠሩ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ከዚያ 28 ቀን ይዋጣል። ያቅለሸልሻል። የኔዋ በሳምንቱ ልትተወው ደርሳ ነበር፤ ማታ ማታ እየደወልኩ «ዋጥሽ?» እላታለሁ።

እኛ መጀመሪያ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ነበር የሄድነው። ተረኛው ባንኮኒው ላይ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ አስነገራት። ከዚያ ሌላ ክፍል፣ እንደ አዲስ። ጋንዲ ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ይህን ለማስቀረት ነው የተቋቋመው፤ ሐኪሙ፣ ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉና የሥነ ልቦና ባለሙያው እዚያው ናቸው። ቃሏን ስትሰጥ ታዲያ እናንተ አትሙሉላት። እኔ «ማታ ነበር እኮ» ብዬ ገብቼ «እርስዎ ነበሩ?» ተብያለሁ።

ካረገዘች ሕጉ ማቋረጥ ይፈቅድላታል። ለዚህ የራሷ ቃል ይበቃል፤ የፍርድ ወረቀት አምጪ የሚላት ካለ ተሳስቷል።

ሽማግሌ መምጣቱ አይቀርም። «ካሳ ይከፈላት፣ ስሟ አይጥፋ» ይላሉ። ቡና አጠጥታችሁ ሸኟቸው። አስገድዶ መድፈር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 መሠረት ከ5 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል፤ ሲከብድ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ እሷ ጠበቃ ማቆም አይጠበቅባትም፤ እርቅም ክሱን አይዘጋውም።

ማደሪያ ከሌላት፣ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አዲስ አበባ ውስጥ መጠለያ አለው። ማዕከሉ ውስጥ ጠይቁ።

የፍርድ ቤቱ ነገር ትዕግሥት ይፈልጋል። ችሎቱ ዝግ እንዲሆንላት ዐቃቤ ሕጉን አስቀድማችሁ ለምኑ። እኛ ሦስቴ ተቀጥረናል። በመጀመሪያው ቀን የተከሳሹ ቤተሰቦች ፊት ለፊታችን ተቀምጠው ሲያፈጡባት ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ማልደን እየደረስን የኮሪደሩን ጥግ እንይዛለን፤ እሷ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ እኔ ከኋላዋ።