ልብስን በልክ ማጠብ

የፋሽን ኢንዱስትሪ በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሲነሳ ትኩረታችን የሚያርፈው በፋብሪካው ላይ ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፣ አንድ የጥጥ ቲሸርት ለማምረት ጥጡን ከማብቀል ጀምሮ 2,700 ሊትር ገደማ ውኃ እንደሚያስፈልግ ይገመታልና። ይሁን እንጂ ልብሱ ቤታችን ከገባ በኋላ የእኛም ድርሻ ቀላል አይደለም።

ፖሊስተር፣ ናይለንና አክሪሊክ በመሠረቱ ፕላስቲክ ስለሆኑ፣ በታጠቡ ቁጥር ጥቃቅን ክሮች ከጨርቁ እየተላቀቁ ከእጣቢው ጋር ይወርዳሉ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት፣ ገና ከመነሻው በጥቃቅን ቅንጣት መልክ ወደ ውቅያኖስ ከሚገባው ፕላስቲክ 35 በመቶ ያህሉ የሚመነጨው ከሰው ሠራሽ ጨርቆች አጠባ ነው።

ስለዚህ ሹራብዎ ወይም ጃኬትዎ ካልቆሸሸና ካልሸተተ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሰቅሎ ማናፈስ ይበቃል፤ ትንሽ ነጠብጣብ ካረፈበትም ያንን ቦታ ብቻ ማጠብ ይቻላል። (ካልሲና የውስጥ ልብስ ከዚህ ምክር ውጭ መሆናቸውን መናገር አያስፈልግም።) ማጠብ ግድ ሲሆን፣ ለማሽኑ የሚበቃ ልብስ እስኪጠራቀም ይጠብቁ፤ ውኃው ከጨርቁ አንጻር በበዛ መጠን የሚላቀቀው ክርም ይበዛልና፣ ጎዶሎ ማሽን ማስነሣት ከሁሉ የከፋው ልማድ ይመስለኛል። ውኃው ከ30 ዲግሪ ባይበልጥና አጭሩ የአጠባ ዙር ቢመረጥ ኤሌክትሪክ ከመቆጠቡም በላይ የልብሱ ቀለም ቶሎ አይደበዝዝም። ለማድረቅም ከማሽን ይልቅ ገመድ ላይ ማስጣት ይመረጣል።