የግል የአፈር ግድብን በእግር እየዞሩ መፈተሽ

ፍተሻው የሚጀምረው በማጭድ ነው። ሣሩ ጉልበት በደረሰበት ግድብ ላይ ስንጥቅም፣ የአውሬ ጉድጓድም፣ ረግረግም አይታይም። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አስቀርተው ይጨዱት እንጂ ከሥሩ አይንቀሉት፤ አፈሩን ከዝናብ እጥበት የያዘው እሱ ነው። ከዚያ ሜትር፣ ሲባጎ፣ ችካል፣ ባለ 10 ሊትር ባልዲ፣ ግልጽ ጠርሙስና ደብተር ይያዙ። ደብተሩን አይናቁት። አንድ ጊዜ ያዩት እርጥብ ቦታ ብዙም አይነግርዎትም፤ ካለፈው ወር መስፋቱን ካወቁ ግን ብዙ ይነግርዎታል። በወር አንዴ፣ ውሃው ሲሞላ በየሳምንቱ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ በነጋታው ይዙሩ። ግድቡ አዲስ ከሆነና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞላ ከሆነ በየቀኑ ነው።

መጀመሪያ አናቱ ላይ ቆመው፣ ጎንበስ ብለው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመልከቱ። መስመሩ ከታጠፈ ወይም መሃሉ ከሰረገደ ዓይን ይለየዋል። ስንት እንደወረደ ለማወቅ ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበት ግልጽ ላስቲክ ይበቃል፤ በየ10 ሜትሩ ችካል ተክለው ከፍታውን ይመዝግቡ። አናቱ ከሙሉ ውሃ ልክ በላይ፣ በትንንሽ ግድቦች፣ ብዙ ጊዜ 1 ሜትር ገደማ እንዲተርፈው ተደርጎ ይሠራል። ጎርፍ ሲመጣ ውሃው የሚሻገረው በዝቅተኛው ነጥብ ነው፤ የተሻገረው ውሃ ደግሞ ደረቁን፣ ማለትም ከኩሬው በተቃራኒ ያለውን ተዳፋት በሰዓታት ውስጥ ቆርጦ ይጥለዋል።

ማስተንፈሻው፣ ማለትም ኩሬው ሲሞላ ትርፉ ውሃ የሚወጣበት መንገድ፣ ባዶ መሆን አለበት። ውሃ ለመጨመር ብሎ ሳንቃ ወይም ጆንያ መደርደር፣ ዓሣ እንዳይወጣ ብሎ መረብ መወጠር የተለመደ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ፈርሶ ከ2,200 በላይ ሰው የገደለው የሳውዝ ፎርክ ግድብ የአንድ የግል ክበብ ንብረት ነበር። ማስተንፈሻው ላይ የዓሣ ወንፊት ነበረበት፤ ጎርፉ ያመጣው ግንድና ቅጠል ወንፊቱን ደፈነው። አናቱ ዝቅ ብሏል፣ የታች ማስወጫ ቧንቧዎቹም ቀደም ብለው ተነቅለው አልተተኩም ነበር። ሦስቱም ስህተቶች ዛሬም በየትንንሹ ግድብ ላይ ይታያሉ።

አሁን ወደ ደረቁ ተዳፋት ይውረዱና ግርጌውን ተከትለው ይሂዱ። አብዛኛው ጊዜዎ እዚህ ይለፍ። ማንኛውም የአፈር ግድብ ትንሽ ውሃ በውስጡ ያሰርጋል፤ ስርገት በራሱ አያስደነግጥም። በበጋ ለብቻው አረንጓዴ የሆነ ሣር፣ ደንገል የበቀለበት ቦታ፣ ሲረግጡት የሚሰምጥ መሬት ካገኙ በችካል ይክበቡት። ውሃው የሚፈስ ከሆነ በትንሽ ቦይ ወደ አንድ ቦታ ሰብስበው ባልዲው በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ይለኩ። 10 ሊትር በ20 ሰከንድ ማለት በሰከንድ ግማሽ ሊትር ነው። የዚያን ቀን የኩሬውን ከፍታም አብረው ይጻፉ፤ ያለ እሱ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ኩሬው በነበረበት ሆኖ ስርገቱ ከጨመረ ውስጥ የሆነ ነገር እየተከፈተ ነው። ድንገት ከቀነሰም አይደሰቱ፦ በግድቡ ውስጥ ውሃውን አሳልፎ አፈሩን የሚያስቀረው ማጣሪያ ተደፍኖ ውሃው ሌላ መውጫ እየፈለገ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ጠርሙሱን ከዚሁ የስርገት ውሃ ሞልተው አንድ ሰዓት ያቁሙት። ታች ስስ አተላ ከዘቀጠ ውሃው የግድቡን አፈር ይዞ እየወጣ ነው። መቦርቦሩ ብዙ ጊዜ ከመውጫው ጀምሮ ወደ ኩሬው እየሄደ እንደ ቧንቧ ቀዳዳ ያበጃል፤ ኩሬውን ሲደርስ ፍጥነቱ አይጣል ነው። ለዚህ ነው ብዙ ከሆነ የጠራ ስርገት ይልቅ ጥቂት ድፍርስ ውሃ የሚያስፈራው።

በማስወጫ ቧንቧው ዙሪያ ሁለት ጊዜ ይመልከቱ። ከቧንቧው ሆድ ሥር አፈር ጠቅጥቆ ማጥበቅ ስለሚያስቸግር ውሃ የሚወደው መንገድ ያ ነው። ቫልቩ ተዘግቶ ቧንቧው ውስጥ ውሃ ካለ ቫልቩ ወይም መጋጠሚያው ያፈሳል፤ ከቧንቧው ውጭ፣ በጎኑ እየታከከ ከወጣ ግን ባለሙያ ዛሬውኑ ይጥሩ። ቫልቩን ቢያንስ በዓመት አንዴ ሙሉ በሙሉ ከፍተው ይዝጉት። በጭንቅ ቀን ዝጎ እንዳይገኝ።

ስንጥቅ ሁሉ እኩል አይደለም። እንደ መረብ የተሰነጣጠቀ የላይ ቅርፊት ድርቀት ነው። በአናቱ ርዝመት የሄደና ጫፉ ወደ ታች የታጠፈ ከሆነ ተዳፋቱ ሊንሸራተት እየተዘጋጀ ነው። ከውሃው ወገን ወደ ደረቁ ወገን የሚያቋርጠው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ኩሬው ሲሞላ መተላለፊያ ይሆናል። በሁለቱም ጠርዝ ችካል መትተው ስፋቱን ይለኩ፣ ዝናብ እንዳይገባም በላስቲክ ይሸፍኑት። ጥልቀቱን ለማወቅ የተበጠበጠ ኖራ አፍስሰው በጎኑ ቢቆፍሩ ነጩ መስመር እስከ መጨረሻው ይመራዎታል።

ዛፍ በግድብ ላይ አይብቀል፤ ከግርጌውም 8 ሜትር ያህል ይራቅ። ችግኝ ሳለ ይነቀላል። ትልቁን ግን ውሃው ሞልቶ ሳለ ከነሥሩ አይንቀሉ፤ ባለሙያ ይወስን። የአውሬ ጉድጓድ ሲያገኙ አውሬውን አስወጥተው 9 እጅ አፈርና 1 እጅ ሲሚንቶ በውሃ አቅጥነው፣ እስከ ውስጥ እንዲፈስ አድርገው ይሙሉት። አፉ ላይ አፈር መጠቅጠቅ ዋሻውን አይደፍነውም።

ድፍርስ ውሃ በብዛት መውጣት ከጀመረ መጀመሪያ ከታች ላሉ ነዋሪዎችና ለአካባቢው አስተዳደር ይደውሉ፤ ስልካቸው በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይሁን። ከዚያ ቫልቩን ይክፈቱ። በደህና ቀን ኩሬው በቀን ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ባይወርድ ይመረጣል፤ በፍጥነት ከወረደ እርጥቡ የውሃ ወገን ተዳፋት ይናዳል። በአደጋ ቀን ግን ምርጫው ከዚህ ይከፋልና ፍጥነቱን ከባለሙያ ጋር ይወስኑ። መውጫውን በሸክላ አፈር ወይም በሲሚንቶ አይድፈኑት፤ የታፈነ ውሃ ግፊት ፈጥሮ በሌላ በኩል ይፈነዳል። መሬቱ ለመቆም አስተማማኝ ሆኖ ውሃው ጥቂት ከሆነ፣ አጣሪ ይጫኑበት፦ ከታች ሻካራ አሸዋ፣ በላዩ ደቃቅ ጠጠር፣ በላዩ ትልቅ ጠጠር። ጫናው ውሃውን አሳልፎ አፈሩን ያስቀራል። ከጠጠሩ በላይ የሚወጣው ውሃ ካልጠራ አሸዋው አልሠራም፤ ከግድቡ ግርጌ ይውጡ።